ያልነካኝ ወጌሻ

ይህ የደረሰብኝ አምና በሐምሌ፣ እዚሁ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ነው። ስብራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰው አልጽፈውም ነበር፤ በኔ ዕድሜ ወድቆ የሚሰበር ብዙ ነው። እኔ ግን ከአንድ ሰው ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ቂም ነበረኝ። ያን ቀን ሰውየው ደጄ ድረስ መጣ።

ኦቦ ገለታ ይባላል፤ ወጌሻ ነው። ከቤቴ ሦስት በር ከፍ ብሎ ይኖራል። ልጄ ብርቱካን በዘጠኝ ዓመቷ ከዛፍ ወድቃ ግራ ክንዷን ስትሰበር፣ አሽቶ በቀርከሃ ፍልጥ ያሰረላት እሱ ነበር። በአራተኛው ቀን እጇ ጠቆረ። ሆስፒታል ስናደርሳት ከክርኗ በታች ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ በሱ በር ላለማለፍ በታችኛው መንገድ እዞራለሁ። ለቅሶ ቤት እሱ ካለበት ድንኳን አልገባም። የባሌ እህት አንድ ቀን "እስከ መቼ ነው የምታኮርፊው?" ብትለኝ "የልጄ እጅ እስኪበቅል" አልኳት። ያኔ "እሱን ጥሩት" ያለችውም እሷው ነበረች። እሷ ረስታው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁም።

ያን ቀን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከባጃጅ ወርጄ ቦዩን ልሻገር ስል ጭቃው አዳለጠኝ። በቀኝ ትከሻዬ ድንጋዩ ላይ ወደቅሁ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ሰማሁ። ክንዴ የሌላ ሰው ይመስል ተንጠለጠለ።

ጎረቤቴ ደሜ ደርሳ በረንዳዬ ላይ አስቀመጠችኝ። ከአርጆ መጥታ ከጎኔ ከተከራየች ዓመት አልሞላትም፤ የድሮውን ነገር አታውቅም። ደግ ናት፣ ግን አፏ አያርፍም።

"አይዞሽ እናቴ፣ እዚህ ላይ ወጌሻ አለ ሲሉ ሰምቼ አስጠርቼዋለሁ።"

"ማንን?"

"ኦቦ ገለታን ነዋ!"

"እሱ ከሚነካኝ ክንዴ ይቅር።"

"ቀኝሽ ከቀረ በምን ልታማትቢ ነው?" አለችኝ። ጴንጤ ናት፤ በዚያ ስቃይ መሃል እንኳ እኔን መንካት አልተወችም።

እሱም በከዘራው እየተደገፈ መጣ። አርጅቷል። በረንዳው ላይ አልወጣም፤ ከታች ቆሞ ትከሻዬን አየ።

"ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ" አለኝ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ልታዘዘው አልፈለግሁም፤ ጣቶቼ ግን ተንቀሳቀሱ። ጥፍሮቼን ትኩር ብሎ ተመለከተ።

ደሜ ቅቤ በስኒ ይዛ ብቅ አለች። "ይኸው፣ ማሺያው።"

"ሂን ቱቂና!" ብሎ ጮኸባት። "ማንም እንዳይነካት! ከትከሻዋ ሥር ነው የተሰበረው። አጥንቱ ቦታውን ለቋል፤ ታሽቶም ታስሮም አይቆምም። ይሄ ብረት ነው የሚፈልገው፤ ብረት ደግሞ ሆስፒታል ነው ያለው።"

"ኦቦ ገለታ፣ ወጌሻ አይደሉም እንዴ?"

"ወለምታ አሻለሁ። ስብራት ከተውኩ ቆየሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሷ ታውቃለች" አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

እኔ አላውቅም ነበር። ሰው በሩን ሲያንኳኳ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር "ደግሞ የማንን ልጅ ሊያበላሽ ነው" እያልኩ ስረግመው ኖሬአለሁ። ለካስ የተሰበረውን ሁሉ ወደ ሆስፒታል ሲልክ ኖሯል።

ጋቢውን አውልቆ ለደሜ ሰጣት፤ እሱ እየነገራት ክንዴንና ጎኔን አንድ ላይ ጠቀለለችው። ባጃጅ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ሾፌሩን "ቀስ፣ ጉድጓዱን ዙረው" እያለ ሆስፒታል አደረሰን። በመንገዱ ሁሉ በጣቱ ጫፍ እንኳ አልነካኝም።

ሐኪሙ ራጁን አይቶ "እማማ፣ የክንድዎ አጥንት ጫፉ ከትከሻው ሥር ተሰብሮ ተለይቷል" አለኝ። "እንዲሁ ከተውነው ተጣሞ ይገጥማል፤ እጅዎም አይነሳም። ከፍተን፣ ወደ ቦታው መልሰን፣ በብረትና በብሎን እናስረዋለን። ታሽቷል እንዴ?"

"አልታሸም" አለ ኦቦ ገለታ ከበሩ ጥግ።

"እሰይ! እዚያ ሥር ነርቭና የደም ሥር ያልፋል።"

ሐኪሙ ሲወጣ ለዓመታት ያቆየሁትን ቃል አወጣሁት። "ያኔ ልጄን ወደዚህ ብትልካት ምን ነበረበት?"

ከዘራውን እያየ መለሰልኝ። "ያኔ አላውቅም ነበር። የተማርኩት ከሷ እጅ ነው።"

ያን ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ሁሉን አልናገርም። የኔ ክንድ የዳነው በልጄ ክንድ ነው ማለት ነው። ይህን ሰምታ ተመስገን የምትል እናት ካለች እሷ ከኔ ትሻላለች።

ብርቱካን አርጆ አስተማሪ ናት። በማግስቱ ደርሳ ለቀዶ ሕክምናው ፈረመችልኝ። ኦቦ ገለታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጎንበስ ብላ "አባ" ብላ ትከሻውን ሳመችው። ዓይኔን አላመንኩም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሳሳሙት?" አልኳት።

"እኔ በመጣሁ ቁጥር እገባለሁ እማ። አንቺ በታች ስለምትሄጂ ነው ያላየሽን።"

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ብረቱ ከትከሻዬ ሥር ገባ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ክረምቱን ልጄ ከኔ ጋር ሆነች፤ በአንድ እጅ መኖርንም አስተማረችኝ። ቀሚስ ሲቆለፍ ከታች ወደ ላይ ነው። ሻሽ ሲታሰር አንዱ ጫፍ በጥርስ ይያዛል። ድንች የሚላጠው ሳንቃ ላይ በተመታ ምስማር ተሰክቶ ነው። ያን ሳንቃ አርጆ ቤቷ አይቼው ነበር። "ይሄ ምስማር ሰው ይወጋል፣ ንቀይው" ብያታለሁ። ለምን እንደመታችው ያኔ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

አንድ ቀን ነጠላዬን አጥባ አብረን ስንጨምቅ፣ እሷ አንዱን ጫፍ በቀኟ፣ እኔ ሌላውን በግራዬ ይዘን፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኳት።

ኦቦ ገለታ ያኔ አስሮ ሲሄድ "ጣቶቿ ከቀዘቀዙ ወዲያው ፍቱት፣ እኔንም ጥሩኝ" ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን "እማ፣ ጣቶቼ በረዱኝ፣ ፍቺልኝ" አለችኝ። አልፈታሁትም። ክንዷ ተጣሞ ከቀረ ማን ያገባታል ብዬ ፈራሁ። "ቻይ" አልኳት። እስኪነጋ ቻለች።

ብርቱካን መጭመቋን አላቆመችም። "አውቃለሁ እማ" አለች።

"እሱ ነገረሽ?"

"እሱማ 'አጥብቄ ያሰርኩት እኔ ነኝ' ነው የሚለው። የለመንኩሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? እንዴት አላውቅም?"

ነጠላውን ገመድ ላይ አስጥታ ወደ ቤት ገባች። 

ሰፈሩ ሁሉ የኦቦ ገለታን ስም ሲያጠፋ፣ እኔም ፊት ሆኜ ሳጠፋ፣ በአንድ ቃል ራሱን ማውጣት ይችል ነበር። አላወጣም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ለመጠየቅ አፍ የለኝም።

አሁን እጄ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይነሳል፤ ከዚያ አያልፍም። ለማማተብ ይበቃኛል፤ ይህንንም ለደሜ ነግሬያታለሁ። ክረምት ሲገባ ብረቱ ይቀዘቅዝብኛል፤ ያን ጊዜ ልጄ "በረዱኝ" ያለችኝ ትዝ ይለኛል።

አጥብቆ ያሰረው እሱ ነው፤ ይህን አሁንም አልተውለትም። ያልፈታሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ከሁለታችን ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ አላውቅም፤ እስካሁንም ቤቱ አልገባሁም።

ገበያ ስወጣ ግን በላይኛው መንገድ እሄዳለሁ። ከበሩ ፀሐይ ሲሞቅ ያየኛል። "አካም ቡልቴ?" ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቀኛል፤ "ነጋ ዳ"፣ ደኅና ነኝ እለዋለሁ።

"ጣቶችሽ?"

ቀኝ እጄን አንስቼ አምስቱንም አንቀሳቅስለታለሁ። አይቶ ዓይኑን ወደ መሬት ይመልሳል። እኔም ሳልቆም አልፋለሁ።