ዚፕ የነከሰው ጀግና

ጋሼ ኢሶሙራ ዓለምን መቶ አራት ጊዜ አድነዋል፤ አሁን በሰፈራችን የገበያ መንገድ ኮሮኬ የሚባለውን የድንች ጥብስ ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው ማካዜ የተባለውን የቴሌቪዥን ጀግና ሆነው የተዋጉት በጎማ ልብስ ውስጥ ነበር። ልብሱ ሠላሳ ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ሃያው የእሳቸው ላብ ነው።

ዘንድሮ ማካዜ በኮምፒውተር ተሠርቶ ሲኒማ ሊገባ ነው ተባለ። የአድናቂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የጥርስ ሐኪሙ ኩኖ፣ ሳምንቱን ሙሉ የታካሚዎቹን አፍ እያስከፈተ ፊልሙን ሲያወግዝ ሰነበተ። አንድም ሰው አልተቃወመውም።

ጋሼ ግን ከመጥበሻው በላይ የሰቀሉትን፣ በማካዜ ልብስ የተነሡትን ፎቶ አይተው፣ አዲሱ ማካዜ ያለ እሳቸው መራመድ ከቻለ እንደሚያወርዱት ተናገሩ። ሄደው ለማየት ግን አልደፈሩም።

እሑድ ጠዋት ኩኖ ሰባት አድናቂዎች አስከትሎ፣ ለስህተት መልቀሚያ ደብተር ይዞ ሲኒማ ገባ። እንደ ወጉ በፊልሙ መጨረሻ የሚወርደው የሠራተኞች ስም እስኪያልቅ ሳይነቃነቁ ተቀምጠው፣ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጡ። የኩኖ ዓይን ከልቅሶ ብዛት ደም መስሏል። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁ በርጩማ ላይ ወጥተው ፎቶውን አወረዱ።

ኩኖ ደብተሩን ገለጠ፤ ባዶ ነው። ማካዜ ከመዋጋቱ በፊት ግራ ትከሻውን ሁለቴ ሰበቀ፣ አንገቱንም ወደ ቀኝ ነጠቅ አደረገ አለ፤ ልክ እንደ ድሮው። ይህ ለጠፋችው ፕላኔቱ የሚያደርሰው ጸሎት መሆኑን ኩኖ ራሱ በሠላሳ ገጽ ጽሑፍ ካረጋገጠ ሃያ ዓመት ሆኖታል።

ጋሼ በርጩማው ላይ እንደቆሙ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«የምን ጸሎት? የጀርባው ዚፕ ነው። ማጅራቴ ላይ ያለውን ፀጉር እየነከሰ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።»

 የኩኖ ሠላሳ ገጽ እዚያው መጥበሻ ውስጥ ሲገባ ታየን። ኩኖ ግን ጥርስ ሲነቅል የኖረ ሰው ነው፤ በቀላሉ አይደነግጥም።

«አዲሱ እኮ ዚፕ የለውም፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ?»

«ዚፕ የሌለውን ፍጡር ዚፕ ከነከሰው፣ ውስጡ ያሉት እርስዎ ነዎት ማለት ነዋ።»

ጋሼ ፎቶውን በሽርጣቸው ወለወሉ፤ የአርባ ዓመት ዘይት ነበረበት። መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ መጥበሻውን አጠፉና የከሰዓቱ ፊልም በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቁ።