አባባ የገዘቱት መስክ

ደባርቅ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ። የከተማው ሰዎች ከመነኻሪያው ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት አጥረው፣ መናፈሻ እናደርጋለን ብለው የፈረንጅ ሣር ሊያለብሷት ሲነሱ ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ጠረጴዛ መታሁ። "የራሳችን ሣር ምን በደላችሁ? ማገጡ፣ አደዩ፣ ጦስኙ የት ሄዶ ነው በየቀኑ ውኃ ካልጠጣ የሚሞት ሣር የምትገዙት? ወፉስ ንቡስ ምን ይብላ?" አልኳቸው። ገርሟቸው ይሁን ሰልችቷቸው "እንግዲያው ውሰጂና አሳዪን" አሉኝ።

ያን ዓመት ኅዳርን ሙሉ ዘር ስለቅም ከረምኩ። ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በዳባት የእርሻ ድንበሮች ላይ፣ ያገኘሁትን ሁሉ በፌስታል እየቋጠርኩ አመጣሁ። ሰኔ ሲገባ ከተማሪዎቼ ጋር ዘራነው፤ ደህና አድርጎም በቀለ። ምን ዋጋ አለው! አጥሩ ሁለት ረድፍ ሽቦ ነው። ከገበያ የሚመለሰው በግና አህያ ገባበት፤ ላም ያለውም ማጭዱን ይዞ መጣ። ጳጉሜን ላይ ባዶ አፈር ቀረልኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው።

አባባ ያኔ ከእኔ ጋር መኖር ጀምረው ነበር። እናቴ ስታርፍ ዳባት አጠገብ ካለችው ደብራቸው ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ቄስ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ከተማው አልጣማቸውም። ሰው "አባታችን፣ ደባርቅን እንዴት አገኟት?" ሲላቸው፣ "ልጄ ቤት ነኝ እንጂ ደባርቅስ ገና አልገባሁም" ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን አልስቅም።

ያን ዕለት ማልቀሴን ሰምተው ሳቁብኝ። "ሣር በሽቦ ይጠበቃል እንዴ ልጄ? ሣር የሚጠበቀው በግዝት ነው" አሉ። በአገራቸው ክረምት ሲገባ ቄሱ መስቀል ይዞ መስኩን ይገዝታል። ከዚያ ወዲያ ሣሩ እስኪታጨድ ሰውም ከብትም ዝር አይልም። እኔም ክረምቱ ሲመለስ እንደገና ዘራሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባባ በመስኩ በር ላይ ቆመው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ "ሣሩ እስኪታጨድ ድረስ እዚህ መስክ እግሩን ያስገባ፣ ከብቱንም የሰደደ፣ ውግዝ ይሁን!" አሉ። ሰው ሁሉ "ይሁን" አለ። ደስ ብሎኝ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ወይ ግዝት! አንድ በግ አልገባም። መስከረም ላይ አደዩ ቢጫ፣ ማገጡ ወይን ጠጅ ሆኖ መስኩን ሸፈነው። ቆቅ ጫጩት ፈለፈለች፤ ጭልፊት ከላይ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። ንቡማ የየት አገር ንብ እንደሆነ እንጃ። አባባ በየቀኑ ከሰዓት በርጩማቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ይቀመጣሉ። ስመጣ በኮቴዬ ያውቁኝና "ዛሬ ማገጡ ሸተተኝ፤ ልክ እንደ ቤታችን" ይሉኛል። ከተማ ከገቡ እንደዚያ ሲፈኩ አይቻቸው አላውቅም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ስንደሰት አንድ ነገር ልብ አላልንም። ሰውም አይገባም። የከተማው ሰዎች ቀድሞ ያስቀመጧቸው አግዳሚ ወንበሮች ላይ የሚያርፈው ወፍ ብቻ ነው፤ የተማሪዎች ኳስ ወድቆ እዚያው ቀረ። እኔ የሳይንስ አስተማሪዋ እንኳ አንድ ቀን ልገባ እግሬን አንሥቼ ሰው እንዳላየኝ መለስኩት። ለካ ስሕተቱ የሁለታችንም ነው። በገጠር ኅዳር ሲደርስ ሣሩ ይታጨዳል፣ ግዝቱም ያኔ ይፈታል። እኔ ግን ዘሩ ለወፎቹ ይርገፍ ብዬ ይህ ሣር ማጭድ አይነካውም ብያለሁ። ስለዚህ ግዝቱ ማብቂያ የለውም!

ይህ የገባኝ ከከተማው ቢሮ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። "ሕዝብ የማይገለገልበት መናፈሻ" ይላል። በማግሥቱ ኮሚቴ መጥቶ ያያል፤ እውነትም ሰው የማይገባበት ከሆነ ቦታው የባጃጅ ማቆሚያ ይሆናል። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

"አባባ፣ ግዝቱን ይፍቱት!"

"ሣሩ እስኪታጨድ ብያለሁ። ታጨደ?"

"ከታጨደማ ምኑ ቀረ!"

"እንግዲያ በመስቀል የተናገርኩትን ልብላው?"

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ያ ምላሴ አመለጠኝ፦ "እርስዎ ድሮም ደባርቅን አልወደዷትም!" አልኩ። አባባ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ መኝታቸው ሄዱ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ጠዋት "ማጭድ አምጪልኝ" አሉ። ክው አልኩ፤ ግን ትናንት የተናገርኩት ይበቃኛል ብዬ አመጣሁላቸው። መስኩ ጋ ስንደርስ ቄስ ማጭድ ይዞ ያየ ሁሉ ከመነኻሪያው ተከትሎን መጣ። አባባ ከውጭ እንደቆሙ እጃቸውን በሽቦው መሐል አሾልከው አንዲት ጭብጥ ሣር ያዙ፤ አጨዷት። "በአገራችን የመጀመሪያዋን ጭብጥ የሚያጭደው ቄሱ ነው። እሷ ከታጨደች ሣሩ ታጨደ ይባላል። እግዚአብሔር ይፍታችሁ!" አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቡ ያደሩት ይህንኑ ኖሯል።

መጀመሪያ ሁሉም ተያየ። ከዚያ መንገድ ዳር ጎመን የሚሸጡት እማማ አማትበው ገቡና አግዳሚው ላይ "እፎይ!" ብለው ተቀመጡ። ከእሳቸው በኋላ ማን ይቁም? እኔም ገባሁ። ዞር ስል አባባ እዚያው በሩ ላይ ናቸው።

"ይግቡ እንጂ አባባ!"

"ስገዝት ራሴንም ጨምሬ ነው፤ ቄስ ደግሞ ራሱን አይፈታም። ግድ የለሽም፣ ከዚህም ይሸተኛል" አሉ።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ወደ መነኻሪያው በረርኩ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚሄድ ሚኒባስ ሞልቶ ሊነሣ ነው፤ የኋላው ወንበር ላይ ነጭ ጥምጥም አየሁ። "አባቴ፣ በወለዱዎት ይውረዱልኝ! አባቴን ይፍቱልኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ረዳቱ "ሴትዮ፣ መኪናው ሞልቷል እኮ!" ይለኛል፤ ማን ይሰማዋል! ቄሱ ወረዱ፤ ተሳፋሪውም ጉድ ለማየት ተከትሎ ወረደ። ቄሱ ገና ጢማቸው ያልሞላ ወጣት ናቸው። አባባን ሲያዩ "እኔ እርስዎን?" ብለው ደነገጡ። አባባ ግን ቆባቸውን አውልቀው ያን ሽበታም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይፍቱኝ አባቴ" አሉ።

"እግዚአብሔር ይፍታ።"

የአባባን እጅ ይዤ አስገባኋቸው። ኮሚቴው ሲደርስ ተሳፋሪው፣ ተማሪው፣ እማማም ከነጎመናቸው መስኩ ውስጥ ናቸው። ሰብሳቢው ደብዳቤውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። እኔ ግን ዓይኔ አባባ ላይ ነበር። አግዳሚውን ትተው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማገጡን በሁለት እጃቸው ይዳብሳሉ።

"ልጄ" አሉኝ።

"አቤት አባባ።"

"አሁን ደባርቅ ገባሁ።"