አው በክሪ የሰፋው የአማት መሶብ

በከተማችን አንድ ጊዜ እንኳ በአው በክሪ እጅ የተሰፋ የቀሚስ ሥር ሱሪ ያልለበሰች ሴት የለችም ማለት ይቻላል። ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት መኪና ግርግር ቁልቁለት ላይ የስፌት መኪናውን በር ላይ አውጥቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰቅሎ፣ በአላፊ አግዳሚው ሲያላግጥ ይውላል። ቀሚስ ለማስጠበብ ስትሄጂ፣ «ቀሚሱ መች ሰፋ፣ አንቺ ነሽ የከሳሽው። ባልሽ አያበላሽም እንዴ?» ይልሻል። ለማስፋት ስትሄጂ ግን ምንም አይልም። ዝም ብሎ ያሰፋልሻል። ሴቶች የሚወዱት ለዚህ ነው።

ሚስቱ መይሙና ጎረቤቴ ነበረች። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ «የርሐሙኪላህ» የምላት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለታችንም ኡማ ጠይባ ቤት ተቀምጠን መሶብ እንሰፋለን። ኡማ ጠይባ የሰፈራችን አዛውንት ናት፤ ወስፌ አያያዝ ያስተማረችን ከልጅነታችን ጀምሮ እሷ ናት፣ ጣታችንን በወስፌው እጀታ እየመታች። መይሙና ከሁላችንም ይልቅ እጇ ፈጣን፣ አፏም ፈጣን ነበር። ታማ ድሬዳዋ ሄዳ ታከመች፣ ተሻላት ተባለ፣ ደስ ብሎን ሳናበቃ ሞተች።

አንዲት ልጃቸው ነጅሃ ያኔ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ተውፊቅ የጊስቲ አሚና ልጅ ነው። ጊስቲ አሚና ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ የምትሸጠው በርበሬ ከምላሷ የተረፈውን ነው እያሉ ያሟታል። ለሐዘኑ ሲባል ሰርጉ ተገፋ፤ ዓመቱ ሲደርስ ግን ቀን ተቆረጠ።

በእኛ ወግ ከሰርጉ በኋላ ከሙሽራዋ ቤት ለአማትየዋ ክዳን ያለው ትልቅ መሶብ ይላካል፤ ውስጡ ዳቦ ተሞልቶ፣ ላዩ ቀይ ጨርቅ ለብሶ። የምትሰፋው የሙሽራዋ እናት ናት። ስሙ «ሐማት ሞት» ነው። «ሞት» በእኛ ቋንቋ መሶብ ማለት ነው እንጂ ክፉ ነገር አይደለም። አው በክሪ ግን ከመሀል አገር የመጡ ደንበኞቹን፣ «ልጄን ስድር ለአማቷ ሞት እልክላታለሁ» እያለ ማስደንገጥ ይወድ ነበር። መይሙና ከሞተች በኋላ ይህን ቀልድ ተወው።

ዘመዶቹ ተሰብስበው መሶቡን ከሱቅ እንግዛ አሉት። ሱቁ በመሶብ ሞልቷል፣ ቱሪስት እንኳ ይገዛል። 

በማግስቱ ኡማ ጠይባ ቤት የቡና ቅጠሉን ቁጢ እየጠጣን ስንሰፋ በር ላይ ሳል ሰማን። በዚያ ሰዓት ወንድ ወደዚያ ቤት አይመጣም። ሻሻችንን አስተካከልን። አው በክሪ ጫማውን አውልቆ ገባና ትንንሽ ሴት ልጆች የሚቀመጡበት የታችኛው መደብ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው ኡማ ጠይባ።

«ስፌት አስተምሪኝ።»

«ዕድሜህን ሙሉ ስትሰፋ የኖርከው ምንድነው?»

«ያ ጨርቅ ነው። ይሄ ሣር ነው።»

«ለማን ልትሰፋ?»

«ለነጅሃ አማት።»

ሁላችንም እጃችን ቆመ። «አው በክሪ» አልኩት፣ «እኛ የለንም እንዴ? ተከፋፍለን ሰፍተን እንሰጥሃለን።»

«አውቃለሁ ሰአዳ። እናንተ ብትሰፉት ያምራል። ግን የጎረቤት መሶብ ነው። መይሙና ብትኖር ይህን ሥራ ለማንም አትሰጥም ነበር። እሷ ከሌለች ያለሁት እኔ ነኝ።»

ኡማ ጠይባ አንድ ወስፌ ወረወረችለት። «በል እግርህን እጠፍ። እንደዚያ ተዘርግቶ የሚሰፋ የለም።»

ወላሂ፣ እንደዚያ ሰሞን ስቀን አናውቅም። ሰውዬው መኪና ለምዷል፤ ወስፌውን ሰንደዶው ውስጥ በሰካ ቁጥር ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ምንጣፉን ይረግጣል። ኡማ ጠይባ እግሩን በምርኩዟ እየነካች፣ «ተው አቦ፣ ቤቴን ወዴት ልትነዳው ነው?» ትለዋለች። የመጀመሪያ ሥራው እንደ ረጠበ ኮፍያ ተንሻፈፈ። ኡማ ጠይባ ከእጁ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና፣ «ዶሮዬ እንቁላል የምትጥልበት ቸግሯት ነበር፤ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወደ ጓሮ ይዛው ሄደች። እኛ ቀልድ መስሎን ነበር። ለካ የእውነቷን ነው፤ ዶሮዋም ወደደችው።

ሁለተኛውን ራሱ ፈታው። ሦስተኛው ላይ እምብርቱ ጠብቆ፣ ክቡ ክብ መስሎ መጣ። ጣቶቹ ተበሳስተው ሱቅ ውስጥ ነጭ ጨርቅ መንካት ፈራ። ያም ሆኖ አልቀረም። ከእኔ ቤት ግቢ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ አክርማውን በውሃ እያራሰ ይሰፋ ጀመር፤ በራሱ ግቢ ብቻውን መቀመጥ አይሆንለትም ነበር።

ነጅሃ ወስፌ ይዛ አታውቅም። ተምራ ተመርቃ መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው። የአባቷን ሥራ የሰማችው ከመድኃኒት ገዢዎች ነው። «አባትሽ ሻሽ ማሰር የሚጀምረው መቼ ነው?» አሏት። የሥራ ካፖርቷን ሳታወልቅ እኔ ግቢ ድረስ መጣች።

«አባ! ምን እያደረግክ ነው?»

«አክርማ እያራስኩ።»

«ሰው እየሳቀብን ነው እኮ!»

«ይሳቁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ በዚህ ሰፈር ሳቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።»

«የማገባው እኔ ነኝ! ከሱቅ እገዛለሁ አልኩህ። ማን ጠየቀህ? እማ ብትኖር…» አለችና ቆመች።

ከቀብሩ ወዲህ በአባቷ ፊት እናቷን ስትጠራ የሰማኋት ያን ቀን ነው። አንዱ ሌላውን ላለማስለቀስ ብሎ፣ ሁለቱም በዚያ ቤት ውስጥ መይሙና የሚባል ሰው ያልነበረ አስመስለው ነበር የሚኖሩት።

«እማ ብትኖር ምን?» አላት ቀስ ብሎ።

«እማ ብትኖር አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ነይ አንድ ዙር ብቻ ስፊ ትለኝ ነበር ሁሌ። እኔ ፈተና አለብኝ፣ ሥራ አለብኝ…» አልጨረሰችውም። ፊቷን በካፖርቷ እጅጌ ሸፈነች።

አው በክሪ አላባበላትም። ምንጣፉ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለና ቦታ ለቀቀላት። «የሚቀጥለው ቀይ ነው። በዚህ መነጽር ቀዩንና ብርቱካንማውን መለየት አቅቶኛል። ነይ ምረጪልኝ» አላት።

ተቀመጠች። እኔ ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ግን ድምፃቸው ይሰማኛል። መጀመሪያ ስለ ቀለም ነበር። ቀጥሎ መይሙና አለላውን የምታቀልመው በምን እንደሆነ ተከራከሩ። ቀጥሎ መይሙና ከባሏ ስኳር የምትደብቅበትን ቦታ ነጅሃ ነገረችው፤ «አውቅ ነበር፣ አውቃለሁ ብላት ቦታ ትቀይራለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አላት፤ ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ ወደዚያው ምንጣፍ ትመጣለች። የላይኛው ዙሮች የእሷ ናቸው፤ ከሥሩ የእሱ ነው። ሁለቱም ጎበዝ አልነበሩም።

ሲያልቅ ኡማ ጠይባ ለፍርድ ተጠራች። መሶቡን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ዙሪያውን ዞራ አየችው።

«ያዘነብላል» አለች።

«ወዴት?»

«ወደዚያ።»

«ቂብላው በዚያ በኩል ነው» አላት አው በክሪ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኡማ ጠይባ ራሷ እንባዋን እየጠረገች፣ «በቃ ይሂድ» አለች።

ሰርጉ አማረ። ሙሽራዋ አዲሱ ቤቷ ከገባች በኋላ በወጉ ቀን መሶቡን ዳቦ ሞልተን፣ ቀይ ጨርቁን አልብሰን፣ እኔና የአፎቻችን፣ የሰፈር ማኅበራችን፣ ሴቶች ወደ ጊስቲ አሚና ቤት ወሰድን። ጊስቲ አሚና ጨርቁን ገለጠች። ክዳኑን ስትስበው እንቢ አለ። አው በክሪ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልክ ሲለካ አያወላዳም፤ ክዳኑን አጥብቆታል። ታገለችው፣ ጉልበቷ መሀል ይዛ ሳበችው፣ ተከፈተ። መሶቡን ዙሪያውን በጣቷ ዳበሰችው።

«የማን እጅ ነው?»

«የአው በክሪ» አልኳት። «ላዩ የነጅሃ ነው።»

 ከዚያ ዳቦውን አንድ በአንድ አውጥታ የራሷ ትሪ ላይ ደረደረች፤ ክዳኑን መለሰችና መሶቡን ወደ እኔ ገፋችው።

«ዳቦውን ተቀብያለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ። መሶቡን መልሱት።»

ደማችን ፈላ። ወዲያው ተነስተን ወጣን። መሶቡን በሻርፕ ሸፍነን፣ ሰው እንዳያየን ጠባቧን መንገድ መርጠን ተመለስን። ለአው በክሪ የነገርኩት እኔ ነኝ። መነጽሩን አወለቀ።

«ማዘንበሉ ነው?»

«አላለችም።»

«ክዳኑ ነው?»

«እኔ እንጃ አው በክሪ።»

በማግስቱ ሱቁን አልከፈተም። መንገዱ ሁሉ ታሟል ወይ እያለ ጠየቀ።

ነጅሃ ከእኔ ስትሰማ አዲስ ሙሽራ ከቤት አትወጣም የሚባለውን ጥላ ወጣች። ከኋላዋ ስሮጥ የደረስኩባት አማቷ በር ላይ ነው።

«ምን አደረገሽ አባቴ?» አለቻት ቆማ። «ለአንቺ ብሎ ጣቱን ሲወጋ ከረመ! ቢያዘነብልስ? ባያከብርሽ ነው የሰፋልሽ?»

ጊስቲ አሚና በርበሬ እየነፋች ነበር። ወንፊቱን አስቀመጠች።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ተቀምጠሽ ጨርሺ፣ ቆሞ መጣላት እግር ያማል። ነይ የእኔ ልጅ፣ ወደዚህ ነይ።» አስቀመጠቻት። «ያንን ግድግዳ እይ። ስንቱን ልጅ ድሬ የሰቀልኩት መሶብ ነው። ሁሉም በእናት እጅ የተሰፋ ነው። ሚስቱ ሞታ ቁጭ ብሎ ለልጁ መሶብ የሰፋ አባት ግን እኔ አላየሁም። ያንን እዚህ ብሰቅለው ስርቆት ነው። ነገ ስሞት ምራቶቼ ‹ይሄኛውስ የማነው?› እያሉ ይከፋፈሉት? ያ የአንቺ ነው። አንቺ ቤት ይሰቀል።»

ነጅሃ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። እኔ ግን አልቻልኩም። «ታዲያ ያን ጊዜ እንዲህ አትይም ነበር?»

«ልናገር ስል አኩርፋችሁ ወጣችሁ!»

«አንቺ ነሽ ዝም ያልሽው!»

በዚህ ጉዳይ እኔና እሷ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ጊስቲ አሚና ሻሿን አስራ ራሷ ወደ አው በክሪ ሄደች። ቤቱ አላገኘችውም። ጎረቤት ሰፊዎች ለምነውት ሱቁን ከፍቷል። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ሱሪ ነው?» አላት መኪናውን እየረገጠ።

«ይቅርታ ነው።» በዚያ ሁሉ ልብስ ሰፊ ፊት፣ ለነጅሃ ያለችውን ሁሉ ነገረችው። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ መንገዱ ሁሉ ይሰማል። ስትጨርስ አው በክሪ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።

«ደግ ነው» አላት። «ግን የልጄ አማት ባዶ ግድግዳ ይዛ አትቀርም። ሌላ እሰፋልሻለሁ።»

«ግድግዳዬ ሞልቷል አልኩህ እኮ!»

«አንዱን አውርጂ።»

«አልፈልግም!»

«ትፈልጊያለሽ።»

«እሺ፣ ግን ክዳኑ የሚከፈት ይሁን!» አለችው፤ መኪና ግርግር በሳቅ ተናወጠ።

ሁለተኛው መሶብ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ከእኔ እጅ ይበልጣል አልልም፤ ከብዙዎቹ ግን አያንስም። ጊስቲ አሚና መሀል ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ሳይጠይቃት ታሪኩን ትነግረዋለች፤ በእሷ አነጋገር እኔ የማልረባ መልእክተኛ ነኝ። የመጀመሪያው ነጅሃ ቤት ነው፤ ከበሩ ትይዩ።

አው በክሪ ግን ስፌቱን አልተወም። ሰው ሁሉ ጉድ እያለ ለመደው። እናቷ አረብ አገር ያለች ልጅ ስትዳር ወይም እናቷ የሞተችባት ስትታጭ፣ ሱሪዋን ልታሰፋ ትመጣና ዘወር ብላ ስለ መሶቡ ትጠይቀዋለች። እሱም በመጀመሪያ፣ «አክስት የለሽም? አምጪያት፣ እሷን አስተምርልሻለሁ» ይላታል። አክስትየዋ ከመጣች ይስቁበታል፣ ይማራሉ። ካልመጣች ልጅቷን ራሷን ምንጣፉ ላይ ያስቀምጣታል። ብቻውን ሰፍቶ የሰጣት የለችም፤ ቢያንስ አንድ ዙር በእጇ እንዲሆን ይፈልጋል።

በቅርቡ ነጅሃ ወንድ ልጅ ወለደች። ፀጉሩ በተላጨ ቀን አው በክሪ ያችን የፀጉር ቁንጣሪ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ኡማ ጠይባ ቤት መጣ።

«ትንሽ ሙዳይ ልሰፋለት ፈልጌ ነበር» አለ፤ አፍሮ ነበር። «ይሄን ፀጉሩን እንዲያስቀምጡለት። ግን ወንድ ልጅ ነው… ሙዳይ ለወንድ ይሆናል?»

ኡማ ጠይባ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «አንተስ ምንድነህ?» አለችው።

ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ እግሩን አጥፎ ተቀመጠና አክርማውን ውሃ ውስጥ ነከረ።