ወንፈል የገባው መንፈስ

ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ጭማቂ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የማያትን ወጣት ስም አላውቅም። ኮምቦልቻ ካለው የፈትል ሥራዋ በቀጥታ ስለምትመጣ ከሻርፗ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም፤ ዳይስ ከመጣሏ በፊትም ጣቶቿን በጥንቃቄ ትጠርጋለች። ጓደኞቿ በምናብ ጀግና ሆነው በሚፋለሙበት የጠረጴዛ ጨዋታ፣ ለእርዳታ የሚጠሩ መናፍስትን የምትፈጥረው እርሷ ናት። የመጨረሻውን መንፈሷን ግን «ኃይሉ በዛ» ብለው መልሰውባት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አሻሽላ አመጣችው።

«ያንን ጉልቤ ደግሞ ይዘሽው መጣሽ?» አላት ሁዘይፋ ብለው የሚጠሩት ጓደኛዋ።

«ጉልበቱን አልነካሁትም፤ ወንፈል አስገባሁት እንጂ። አንድ ተራ ከተዋጋልህ፣ በቀጣዩ ተራ አንተ ጋሻው ትሆናለህ፤ ሰይፍ አትመዝም። ሐርቡ ያለው የአባቴ ማሳ የሚታረሰው እንዲህ በብድር ጉልበት ነው።»

«እንሞክረዋ!»

ሁዘይፋ መንፈሱን ጠርቶ በጨዋታው የሚፋለሙትን ዘንዶ አቆሰለ። ብድር የመመለሻው ተራ ሲደርስ ግን ጋሻ ሆኖ የዘንዶውን እሳት ተቀበለ፤ ጓደኞቹም በሳቅ ፈነዱ።

«ወላሂ ልክ ነው! ይግባ!» አለ፣ እርሱም እየሳቀ።

ጉልበተኛን ሳያዳክሙ ልክ ማስያዝ ብዙ ሹማምንት ያልተካኑበት ጥበብ ነው። እርሷ ግን ከወንበሯ ተነሥታ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ምን እንደተፈጠረ ያልገባው አስተናጋጅ ሳይቀር አጨበጨበላት።