ወተት ጫኙ ባቡር

የእህቴ ልጅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ እኛ ቤት ስትደርስ የሰባት ዓመት ልጅ ናት ቢባል ማን ያምናል፤ አጥንት ብቻ ነበረች። ከድንበሩ ማዶ እስካለው ወድ ኤል ሒለው ድረስ ከሰው ጋር በእግሯ ነው የተሻገረችው። እህቴ መንገድ ላይ ቀርታለች። ያመጧት ሰዎች እኔንና ባሌን ጓሮ ወስደው እሷን መቅበራቸውን በሹክሹክታ ነገሩን። ለልጅቷ ግን "እናትሽ ደክሟት ነው፣ ከኋላ ትመጣለች" ብለዋታል። እኛም ያንኑ አልን። መርዶ ለታማሚ አይነገርም፤ መጀመሪያ ታገግም፣ ከዚያ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራታል ተባለ። እኔም እንባዬን ዋጥ አድርጌ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

ልጅቷ ግን አፏን ዘጋች። ሐኪሙ ወተት ካልጠጣች አትተርፍም ብሎኛል። ከሾዋክ ከተማ በሰው ያስመጣሁትን የዱቄት ወተት በጥብጬ ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች።

ባሌ ባቡር ጣቢያ ሰሊጥ ጫኝ ነበር። መላ ያገኘ መስሎት ግቢያችን ውስጥ ሐዲድ ይዘረጋ ጀመር። ሽቦ አቃንቶ ሐዲድ፣ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ባቡር፣ የሰርዲን ጣሳ ፉርጎ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ጎማ አደረገ። ሐዲዱ ከአልጋዋ ሥር ተነስቶ በሎሚው ዛፍ በኩል ከቤቱ ኋላ ይገባል፤ ባቡሩ በሲባጎ ይሳባል።

"ሰው በረሃብ እያለቀ አንተ መጫወቻ ትሠራለህ?" አልኩት።

"መዓሌሽ፣ ትጠጣለች" አለኝ። እዚያ አገር የማያልፍ ነገር የለም፣ ሁሉም በመዓሌሽ፣ በግድ የለም ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኩት።

ባቡሩ የሄደ ቀን ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ባሌ ወተቱን በፉርጎ እየጫነ ይልክላታል፣ ጣሳው ባዶውን ይመለስልኛል። እሰየው አልኩ። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን መመንመኗን አልተወችም።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጥረግ ብዬ ከቤቱ ኋላ ብዞር መሬቱ ኮምጥጦ ይሸታል፣ ዝንብ ወሮታል። ባሌን ያዝኩት። አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ባቡሩ ወዴት ነው የሚሄደው ብትለው ወደ ድንበር ነው ብሏታል። "በል ለእናቴ አድርስልኝ" ብላ ወተቷን መልሳ ጫነች። እንቢ ቢላት መርዶው ሊወጣበት ሆነ። ከቤቱ ኋላ ወስዶ ይደፋዋል። ማታ "ጠጣችው?" ትለዋለች፤ "ጠጣችው" ይላታል። እሷም ደስ ብሏት ትተኛለች።

ደሜ ፈላ። "ልጄን በባቡርህ ልትገድላት ነው" አልኩት። ጎረቤቶቼ ሰምተው መጡና፣ ቆይ ቄስ ይምጣ፣ እስከ ማለዳ ታገሺ አሉኝ። የምን ማለዳ ነው። ወተት በጥብጬ ይዤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"እናትሽ አትመጣም፣ ልጄ። መንገድ ላይ ሞታለች" አልኳት።

አላለቀሰችም። ሐዲዱን ትኩር ብላ አየችው።

"ታዲያ ወተቱን ማን ጠጣው?" አለች።

ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። "ደፋሁት" አላት።

"ወተት ይደፋል?" አለችው። እንደ ትልቅ ሰው ነው የተቆጣችው። ከዚያ ጣሳውን ከእጄ ተቀበለችና ዓይኗን ከባሌ ሳትነቅል ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው። ማልቀስ የጀመረችው የመጨረሻውን ከዋጠች በኋላ ነው።