በግራሶ የበሰለ ኮምፒዩተር

ቆሻሻ አልወድም። ማን ይወዳል ትሉኝ ይሆናል፤ የእኔ ግን የተለየ ነው። ሰው የጨበጠውን እስክሪብቶ በሶፍት ጠርጌ ነው የምይዘው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ከተቀመጥኩ ክንዴ መስተዋቱን እንዳይነካ ተኮራምቼ ነው የምሄደው። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ እግዜር ሲፈርድባት ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያስከፈታት።

ጊዜው የባቡሩ ሐዲድ ሊዘረጋ መንገዱ የተቆፈረበት ነው። ገልባጭ መኪናው አፈር ጭኖ ይመጣል፣ አፈር ጭኖ ይሄዳል፤ ያንኑ አፈር ለምን እንደሚያመላልሱት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከጎኔ ደግሞ አንዲት ሴት ድንች ትጠብሳለች። ዘይቱን መቼ እንደምትቀይረው የምታውቀው እሷና ፈጣሪዋ ናቸው። ጠዋት ወልውዬ የተውኩት ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ ጣት ይይዛል። አቧራውና የዘይቱ ጢስ ተጋብተው የወለዱት ነገር ነው፤ ስፍቀው አይለቅም፣ ስተወው ያቅለሸልሻል። ኤጭ! አሁን እንኳ ሳስበው ታጠቢ ታጠቢ ይለኛል።

ኮምፒዩተሬን ከዚህ ሁሉ ጉድ ላድነው ብዬ ዳንቴል ሠራሁለት። በአገራችን ውድ ዕቃ ተራቁቶ አይቀመጥም፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ልብስ አለው። እኔማ የመጣበትን ላስቲክ እንኳ አላወለቅሁለትም። ሁላችንም ሲፒዩ የምንለውን ያንን ቋሚ ሣጥን ከነላስቲኩ አቁሜ፣ በላዩ ጥርስ በጥርስ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል እስከ ወለሉ ለቀቅሁበት። በየሳምንቱ አጥበዋለሁ፣ እተኩሰዋለሁ። ደንበኛ ሁሉ ሲያምር ይለኛል፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ።

አባቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አቃቂ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ነው የኖረው። እጁ መንቀጥቀጥ፣ ዓይኑም መድከም ሲጀምር አመስግነው፣ ሰዓት ሸልመው፣ እረፍ ብለው ሸኙት። ዕረፍት የሚባለውን ሙያ ግን አላወቀበትም። ሁለት ወር ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እህል አስጠላው፣ ሰውነቱ ሟሸሸ። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ ምንም የለበትም አለን። እኔ ግን ሕመሙ ገብቶኛል፤ ለማንም የማይጠቅም ሰው ሆኛለሁ ብሎ ነው ሊሞት የተነሳው። ስለዚህ ዋሸሁት። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን መዋል ያስፈራኛል፣ ወንድ ሲኖር ደስ ይለኛል፣ ና አብረን እንዋል አልኩት። በማግስቱ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቱታውን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ የብረቱን በር የሚከፍት እሱ፣ የተናጋ ወንበር የሚያጠብቅ እሱ፣ ፎቶ ኮፒው ወረቀት ሲውጥ ሆዱን ከፍቶ የሚያወጣው እሱ ሆነ። እህል ቀመሰ። ማታ ለእናቴ የቀኑን ሥራ አንድ በአንድ ይተርክላት ጀመር። የዚህ ሰው ነፍስ የቆመችው በዚች ሱቅ ውስጥ እጁ በሚሠራው ሥራ ነበር፤ ይህ ቢቀርበት ተመልሶ ግድግዳውን አይቶ እንደሚተኛ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ነው የምላችሁ። አላወቅሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

አንድ ሰሞን ሲፒዩው ይጮህ ጀመር። ውስጡ ያለችው ፋን ስትዞር ሲጥ ሲጥ ትላለች። አባቴ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠና ኩሽኔታዋ፣ የምትሽከረከርበት ብረት ማለቱ ነው፣ ደርቋል አለ። እኔ እሺ እሺ ብዬ ትቼው ሥራዬን ቀጠልኩ፤ የመኪና ሰው ሁሉን ነገር መኪና ያደርገዋል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ለቅሶ ልደርስ ግማሽ ቀን በጠፋሁበት ዕለት ሣጥኑን ከፈተው። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ፋኗን ከነብረት መቀመጫዋ ነቀላት። ከሥሯ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አገኘ፤ ቆሻሻ መስሎት በቤንዚን አጥቦ አነሳው። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒዩተሩ አንጎል ነው፤ ሲሠራ ይግላል፣ ያ ነጭ ነገር ደግሞ ግለቱን ወደ ፋኗ ብረት የሚያሻግር ፔስት ነበር። አባቴ ይህን ከየት ይወቀው? የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ብረትና ብረት በደረቁ አይገናኝም። የመኪና ጎማ ኩሽኔታ የሚቀባበትን ግራሶ ከቤት በቆርቆሮ ይዞ መጥቶ ነበርና በጣቱ ዛቅ አድርጎ ፕሮሰሰሩን ለቀለቀው። የፋኗንም ጉሮሮ ሞላላት። መልሶ ገጠመው፣ ዳንቴሉንም አለበሰው።

ስመለስ ጩኸቱ የለም። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ ልብ ብዬ እንዳመሰግነው እየጠበቀ ነበር። እኔ ግን የኮምፒዩተር ነገር፣ ራሱ ጀመረ ራሱ ተወ ብዬ አለፍኩት። እሱም አልነገረኝም። እኔ ነኝ ማለት አይወድም ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሱቁ ይሸት ጀመር። እንዴት ያለ ሽታ መሰላችሁ! የተቃጠለ ነገር፣ ግን ደግሞ የቆየ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ነው። ጥርጣሬዬ ቀጥታ ድንች ጠባሿ ላይ ወደቀ። ሄጄ ዘይትሽን ድፊ፣ ሰው ልትጨርሺ ነው ብዬ ጮኽኩባት። እሷም ድስቷን ሳትለቅ የእኔ ድንች የሚሸተው ድንች ድንች ነው፣ የራስሽን ቤት አሽትቺ አለችኝ። ተናድጄ ተመለስኩ። አፍ ያላት፣ ንጽሕና የሌላት ብዬ ለአባቴ አማኋት። እሱም ነገሩ ከየት እንደሆነ አልጠረጠረም።

ከዚያ ኮምፒዩተሩ መጥፋት አመጣ። የሰው ማመልከቻ ጽፌ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ድርግም ይላል። ትንሽ አርፎ ይነሳል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሠራ ደግሞ ድርግም። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነበረኝ፣ ጠራሁት። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ቁጥር አሳየኝ። ፕሮሰሰሩ ዘጠና ዲግሪ ደርሷል። ሻይ መጣድ ነው የቀረው አለኝ። ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣችው ፋን ድሮም ትንሽ ናት፣ እዚህ አቧራ ውስጥ አትበቃም፣ የመዳብ ቱቦ ያለው ትልቅ ማቀዝቀዣ ይግባለት፣ ነገ ይዤ እመጣለሁ ብሎኝ ሄደ።

በማግስቱ አንድ ፋብሪካ የሥራ ማስታወቂያ አውጥቶ ስለነበር ሲቪ የሚያስጽፈው ሥራ ፈላጊ ሱቄን ሞልቶ በር ላይ ቆሟል። ጠጋኙ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሲፒዩውን ጠረጴዛ ላይ አወጣው። ዳንቴሉን ገፈፈ። ላስቲኩን ሲያነሳ ከውስጥ በኩል ቢጫ ሆኖ ወዝቷል። ከዚያ በካቻቢቴ ፈትቶ ጎኑን ከፈተው።

ምን ልበላችሁ። ወደ ላይ አለኝ። አቧራው አቧራነቱ ቀርቶ እንደ ብርድ ልብስ ተደምድሟል። በረሮ ሞቶበታል፣ በረሮ ወልዶበታል፤ ክንፉ ለብቻ፣ እግሩ ለብቻ፣ እንቁላሉ በየጥጉ። ረጅም የሴት ጠጉር በፋኗ አንገት ተጠምጥሟል፤ የማን ይሆናል፣ የእኔው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ያ ጥቁር ነገር ነበር። ፋኗ ሥር እየቀለጠ ወርዶ፣ አቧራውን አቡክቶ፣ አንዷን በረሮ ከነነፍሷ ይዞ ደርቋል። ጠጋኙ በካቻቢቴው ጫፍ ነካ አድርጎ አሸተተውና ግራሶ ነው አለ። እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ሁለት እርምጃ ሸሸሁ።

አፌን ከፈትኩ። በፊት አንድ ሌላ ጠጋኝ ነክቶት ነበርና የእሱ ሥራ መሰለኝ። ይህን የሠራ ሰው ነው ወይስ ከብት አልኩ። እቤቱ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ፣ ጭቃ ውስጥ ያደገ፣ ሰው የሚነካውን ዕቃ መንካት የማይገባው አልኩ። ወረፋ የያዙት ሳቁ። ጠጋኙም ገልባጭ መኪና መስሎት ነው ብሎ አሳቃቸው። ሳቁ ሲጥመኝ ጊዜ ጨመርኩበት።

«ይህን የቀባ እጅ ይቆረጥ!» አልኩ።

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። ቀስ ብሎ ነው የተነሳው፣ ጉልበቱን ይዞ። ሰው ሁሉ ገና እየሳቀ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አለ። «እንዳይደርቅ ብዬ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ያኔ እንኳ ፊቴን ባዞር ምን ነበረበት? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ግን ከአፌ የወጣው ብቻ አልነበረም። እጁን አየሁት። የጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው፤ የስንት ዓመት ናፍጣና ግራሶ ነው፣ በሳሙናም በአሸዋም አይለቅም፣ ከቆዳው ጋር አብሮ አርጅቷል። በልጅነቴ በዚያ እጅ ሲያጎርሰኝ አንድም ቀን ተጸይፌ አላውቅም። በዚያች ቅጽበት ግን ከዚያች በረሮ ጋር አንድ ላይ አየሁት፣ ቀፈፈኝ። ነጠላዬም ገና አፍንጫዬ ላይ ነበር። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እኔ አላየሁም። እሱ አየ። እጁን ወደ ኋላው ወሰደ።

ጠጋኙ ልጅ ጨዋ ነው፤ ወዲያው ደነገጠ።

«ፋዘር፣ ሐሳቡስ ልክ ነበር» አለው። «በሁለቱ ብረት መሐል የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። የእርስዎ የጎማ ግራሶ ሆነ እንጂ።» ቀጥሎም ዳንቴሌን ከወንበር ላይ አነሳና ወደ እኔ ዞረ። የበለጠ ያበሰለው ይሄ ነው አለኝ፤ ላስቲክና ዳንቴል ደራርበሽ ትንፋሽ ከልክለሽው የት ይሂድ፣ ግራሶው ባይኖርም ታፍኖ መሞቱ አይቀርም ነበር አለኝ። የዳንቴሉ ቀዳዳ ሁሉ በአቧራ ተደፍኗል፤ በየሳምንቱ አጥበዋለሁ ያልኩትን እኔው ለራሴ ነበር የማወራው። ከዚያ ሁሉ ወረፋ ጠባቂ አንድም ሰው የእኔን እጅ አልረገመም።

ሥራው ቀጠለ። ጠጋኙ አቧራውን በቀለም ብሩሽ፣ ግራሶውን በአልኮልና በጥጥ አነሳ፤ ጥጡ እየጠቆረ እየጠቆረ አንድ ፌስታል ሞላ። ፕሮሰሰሩ ሲጸዳ የብር ሳንቲም መሰለ። የምስር ፍሬ የምታህል ግራጫ ፔስት መሐሉ ላይ ጠብ አደረገበት። አዲሱ ማቀዝቀዣ ክንድ የሚያህል ነው፣ የመዳብ ቱቦዎቹ ያበራሉ። ከበድ ስለሚል ቦርዱን ከጀርባ በብረት ሳህን መደገፍ ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ሳህኑን ይዞ ሲቆም ሌላው ከፊት ቡሎኑን ያጠብቃል። ጠጋኙ ሆን ብሎ ነው መሰለኝ ፋዘር ይችን ይያዙልኝ አለው።

«እሷ ትያዝልህ» አለ አባቴ። «የእሷ እጅ ንጹሕ ነው።»

ነገር እየወረወረ አልነበረም። ቢሆንማ ኖሮ በተገላገልኩ። እንደ አንድ መካኒክ ለሥራው የሚበጀውን ነው የተናገረው። ሳህኑን ያዝኩ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ብረቱ ጣቴን ሲጫነኝ ይሰማኛል፤ አባቴ ከወረፋ ጠባቂዎቹ ኋላ ቆሞ ያያል። ስናበራው ቁጥሩ አርባ ላይ ቆመ። ሰዉ አጨበጨበ። ሽታ የለም፣ ድምፅ የለም። እኔ ግን የሚያስጠላኝ ነገር አልሄደልኝም፤ ይዤው ቆሜያለሁ።

ያን ማታ ዓይኔን ከአባቴ አልጋ ላይ አልነቀልኩም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም፤ ራቱን በላ። ጠዋትም እንደ ልማዱ ቱታውን ለብሶ ወጣ። ተመስገን፣ ረስቶታል አልኩ። ይቅርታ ልለው ነበር፣ ከረሳው ለምን አስታውሰዋለሁ ብዬ ተውኩት። የፈሪ ዘዴ መሆኑን ያኔም አላጣሁትም።

ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ፤ እኩለ ቀን ገደማ መጣ። እኔ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ነኝ፣ አባቴ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ቆሟል። ያለ ዳንቴል ራቁቱን የተቀመጠውን ሣጥን ያያል። መብራት ሲመጣ የሚያበራው ሁልጊዜ እሱ ነበር። እጁን ወደ ማብሪያው ዘረጋና መሐል ላይ አቆመው። ከዚያ ዞሮ ፈለገኝ።

«ልንካው?» አለኝ።

የስንቱን መኪና ሞተር አውርዶ የሰቀለ ሰው አንዲት ማብሪያ ለመጫን እኔን ያስፈቅዳል። እግሩ ላይ ልውደቅ፣ ወይስ እጁን ይዤ ልሳም? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ መጮህ። ንካው እንጂ አባዬ፣ ምን ያስጠይቅሃል ብዬ ጮኽኩበት፤ ደንበኛው ደንግጦ ዞረ።

«እሺ» አለኝ። ከመንካቱ በፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ በቱታው ጠረጋቸው።