ካሻ የመሰለው ማስጠንቀቂያ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ በምኖርበት ቀበሌ ጎርፍ ሦስት ቤት ጠርጎ ሄደ። ሰው አልሞተም። ትናንት ለስብሰባ ተጠራንና አንድ ወጣት የቀበሌ ሠራተኛ «ከዚህ ምን ተማርን?» ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ስለተደፈነው ቦይ ሲከራከር፣ የእኔ ሐሳብ ገዳሪፍ ሄዶ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ያደግሁት እዚያው ሱዳን ስለሆነ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በአስተርጓሚነት እሠራ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አስማማው ግን አርማጭሆ አጎቴ ዘንድ አድጎ፣ ለሰሊጥ አረም የመጣው ገና በዚያ ዓመት ነው። «ዐረብኛ አስተምሪኝ» ሲለኝ «ክረምቱ ይውጣና» እለው ነበር። ዓርብ ዓርብ እኔ ዘንድ ይመጣል። እግሩ ላይ የተጋገረውን ዋልካ ደጅ ላይ ይታጠብና ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራ በወይካ፣ በባሚያ ወጥ፣ ይበላል። ወይካው ያሙለጨልጫል እያለ ይስቅ ነበር።

የአረም ሠራተኞቹ ካምቦ ኮር ዳር ነበር። ኮር የሚሉት በጋ ደርቆ ክረምት የሚሞላውን ወንዝ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከላይ ዘንቦ ውሃው እየመጣ መሆኑ ሲሰማ፣ የአካባቢው አስተዳደር የፖሊስ መኪና በድምፅ ማጉያ ላከ። «ከኮሩ ራቁ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ!» ይላል፣ በዐረብኛ። ሠራተኞቹ የገባቸው መኪናው ብቻ ነው። የፖሊስ መኪና ማለት ካሻ ነው፤ ወረቀት የሌለውን ሁሉ አፍሶ የሚወስድ። ስለዚህ ሮጡ። የሚደበቁበት ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያለው ደግሞ ኮሩ ውስጥ ነበር።

አምስት ሰው ሞተ። አስማማው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ቀበርነው። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስተዳደሩ ስለ አደጋው ስብሰባ ጠራ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሰብሳቢው ሹም ሽበታም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሪፖርቱን አነበበ፤ «ማስጠንቀቂያው በጊዜው ተነግሯል። ሠራተኞቹ ግን አልታዘዙም።» ተረጎምኩት።

ከተረፉት መካከል አያ ታከለ የሚባሉ ጎልማሳ ተነሡ።

«ምን እንደሚል ማን ነገረን? የፖሊስ መኪና ሲመጣ እኛ የምናውቀው ሽሽት ነው። አስማማው ‹አያ ታከለ፣ በዚህ በኩል!› ብሎ እጄን ጎተተኝ። ውሃው ሲመጣ እኔ ዛፍ ያዝኩ። እሱ የሚይዘው አላገኘም።»

ቃል በቃል ወደ ዐረብኛ መለስኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

«አስማማው ዘመድ አለው?» አለ ሹሙ።

ይህንንም ለአያ ታከለ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው እኔን እኔን አዩ። ወደ ሹሙ ዞሬ በዐረብኛ «ወንድሜ ነው» አልኩ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ተቀመጪ። ሌላ ሰው ይተርጉም» አለኝ።

«ሌላ የሚችል የለም» አልኩት። «‹አልታዘዙም› የሚለው ይሰረዝ። ‹አልገባቸውም› ይባል።»

ብዕሩን አንሥቶ ሁላችን ፊት ሰረዘው። ያልኩትንም ጻፈ።

በሚቀጥለው ክረምት የፖሊስ መኪና ቀረ። ውሃ እየመጣ ነው ሲባል አያ ታከለና እኔ የእርሻ ትራክተር ላይ ወጣን፤ እኔ ድምፅ ማጉያውን ይዤ በአማርኛ ጮኽኩ። አንድ ሰውም በትግርኛ ደገመው። ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣ። ውሃው ከጉልበት አላለፈም። በረንዳው ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «ለዚች ውሃ ነው ሥራ ያስፈታሽን?» ብሎ አጉረመረመብኝ። ሹሙ መጥቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልጎደለም» ብሎ ጨበጠኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ የእጁ ሙቀት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ሹም አይቻለሁ። የጻፈውን በሰው ፊት የሰረዘ ግን ሌላ አላጋጠመኝም። ያን ቀን ባይሰርዘው ኖሮ፣ ወንድሜ ተነግሮት እምቢ ያለ ተብሎ ይቀር ነበር። ይህን አውቃለሁ። ለአስማማው ግን እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።